የማይታይ መረጃ አይታረምም፦ የጅቡቲ መስመርና የአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች የምርምር መረጃ

1. መነሻ፦ ዕቃው ሲመዘገብ ንግግሩ ሲቀር

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ወርዶ የኢትዮጵያን መንገድ እስኪይዝ ድረስ በብዙ አንደበት ይጠራል። ሰነዱ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በመጋዘኑ ዙሪያ ሶማልኛና አፋርኛ ይሰማል፤ በንግዱ መካከል ዐረብኛ ይገባል፤ በጋላፊ በኩል የመጣው የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ከትራንዚተሩ ጋር ጉዳዩን በአማርኛ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2018 የተመረቀው ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና በጠቅላላ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 240 ሄክታር እንዲሸፍን የታሰበ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል በዚህች አገር ወደቦች ያልፋል። እያንዳንዱ ዕቃ ይመዘናል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፋል። ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ንግግር ግን በዚህ መልክ አይመዘገብም።

ይህ ለቋንቋ ጥናት ቀላል ጉድለት አይደለም። «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም የባቡር ጣቢያን ከሚያመለክተው የፈረንሳይኛ ቃል እንደ መጣ የታወቀ ነው። ቃሉን ያመጣው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ነው። «ዲክላራሲዮን» የሚለው የጉምሩክ ቃልም መጨረሻው የፈረንሳይኛውን መልክ እንደያዘ ነው። «ትራንዚተር» ግን ያጠራጥራል። «ትራንዚቴር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ተወስዶ መጨረሻው የተለወጠ ነው ወይስ «ትራንዚት» በሚለው ግንድ ላይ በእንግሊዝኛው ልማድ ድራቢ የተጨመረበት? ሁለቱም መላ ምት ያስኬዳል። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ቃሉ መቼ፣ የት፣ በማን አፍና በምን ዓይነት ሰነድ እንደ ተገኘ የሚያሳይ፣ ቀን ያለው ማስረጃ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ማስረጃ በየተመራማሪው መሳቢያ ተበታትኖ እስካለ ድረስ ክርክሩ ከግምት አያልፍም።

የምርምር መረጃን በግልጽ የማጋራት ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍጥነትና ወጪ ቆጣቢነት ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ዋናውን አይነኩም። ዋናው ጥቅም መታረም መቻል ነው። የተጋራ መረጃ ስሕተቱ ይታያል፤ ስሕተቱ የታየ መረጃ ይታረማል፤ ያልተጋራ መረጃ ግን ከነስሕተቱ «ውጤት» ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚህ በታች የሚመረመሩት ከጅቡቲ መስመርና ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ሥራዎች ይህን ነጥብ በተለያየ መንገድ ያሳያሉ።

2. በጅቡቲ በኩል የወጣው መዝገብ

የአካባቢው የባህልና የቋንቋ መረጃ በጅቡቲ በኩል መውጣት የጀመረው በቅርቡ አይደለም። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1931 ከዳካር ተነሥቶ በ1933 መጀመሪያ በጅቡቲ ተጠናቀቀ። በ1932 ሁለተኛ አጋማሽ የተልእኮው አባላት በጎንደር ሰንብተዋል። በጠቅላላ ጉዞው ወደ 3,600 የሚጠጉ ቁሶች፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ፎቶግራፎች፣ ወደ 370 የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎችና ወደ 15,000 የሚጠጉ የምርመራ ካርዶች ተሰብስበዋል። በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጥንታውያኑ ሥዕሎች ተነሥተው በምትካቸው በተልእኮው ሠዓሊ የተሣሉ ቅጂዎች ተለጥፈዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ተጣምረው ይገኛሉ። አንዱ ማንሣት ነው፤ የተነሣው ሥዕል ከጎንደር ጠፍቶ በፓሪስ ይገኛል። ሌላው መመዝገብ ነው፤ የተመዘገበው ቃል በተናጋሪው አፍ እያለ በወረቀትም ይኖራል። የመጀመሪያው ድርጊት ጥፋት ሁለተኛውን እንዲያስረሳ መፍቀድ አይገባም፤ የሁለተኛውም ጥቅም የመጀመሪያውን እንዲሸፍን እንዲሁ።

በጎንደር የዛር ሥርዓትን የተከታተለው ሚሼል ሌሪስ አማርኛ አያውቅም ነበር። የዛር ባለሟሏ የመልካም አየሁ ንግግርና ዜማ ወደ እሱ የደረሰው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጆሮ፣ ብዕርና ትርጉም በኩል ነው። ሌሪስ የጉዞ ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934፣ በጎንደር የዛር ሥርዓት ላይ ያተኮረ ጥናቱን በ1958 አሳተመ። ሁለቱም በፈረንሳይኛ የተጻፉና በሰው ልጅ ጥናት ዘርፍ ሰፊ ስም ያተረፉ ናቸው።

እዚህ ላይ የሥነ ልሳን ሐያሲ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። አማርኛ በሁለተኛ መደብ ነጠላ «አንተ»፣ «አንቺ» እና አክብሮታዊውን «እርስዎ» ይለያል፤ ግሱም ይህንኑ ይከተላል። ፈረንሳይኛ በሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም አክብሮትን እንጂ ጾታን አይለይም። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» በሚባልበት ሥርዓት ውስጥ ዛሩ ፈረሱን በምን ጾታ ይጠራል? ታዳሚው የሚያነጋግረው ዛሩን ነው ወይስ ሴትዮዋን? ንግግሩ መሐል ላይ ጾታው ሲለወጥ ምን ያመለክታል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው በቦታው የተጻፈው አማርኛ ነው። ትርጉሙ ምንም ያህል ቢያምር መልሱን አብሮ ሊያመጣ አይችልም። ስለዚህ በተልእኮው ሥራ ውስጥ ለቋንቋ ጥናት የላቀ ዋጋ ያለው የታተመው መጽሐፍ ሳይሆን ከመጽሐፉ በፊት የነበረው ማስታወሻ ነው።

የእጅ ጽሑፎቹን በሚመለከት ሁኔታው የተሻለ ነበር። የግሪዮል ስብስብ ተብሎ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ክምችት በሲልቫን ግሬቦና በኋላም በስቴፋን ስትሬልሲን ካታሎግ ተዘጋጅቶለታል። ካታሎግ የመጀመሪያው የመክፈቻ እርምጃ ነው፤ ያለውን ሳያሳውቁ ማጋራት አይቻልምና። የመስክ ማስታወሻዎቹ በናንቴር በኤሪክ ደ ዳምፒየር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከሰነዶቹም በዲጂታል መልክ ለአንባቢ የቀረቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኬ ብራንሊ ሙዚየም ከአፍሪካ አገሮች ተመራማሪዎች ጋር ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ የተልእኮው ሥራ እንደገና ተመረመረ። ይህ ዳግም ምርመራ የተቻለው ካርዱ፣ ማስታወሻውና ዝርዝሩ ስለ ተገኙ ነው። የተልእኮውን ጥፋት ካጋለጡት ምስክሮች አንዱ የራሱ መዝገብ ሆነ። ከጉዞው እስከዚህ ዐውደ ርእይ ድረስ ግን ዘጠና ዓመት ያህል አልፏል፤ በጎንደር ቃላቸውን የሰጡት ሰዎች የተጻፈውን አይተው «እንዲህ አላልሁም» ለማለት ዕድል አላገኙም። የመዘግየት ዋጋው ይህ ነው።

3. የዋልታ ኮርፐስ፦ ስሕተቱ የታየ ሥራ

ከጎንደሩ መዝገብ በተቃራኒ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሌሎች ደርሶ የተፈተነ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል ከዋልታ የመረጃ ማእከል የተወሰዱ 1,065 ዜናዎች፣ ወደ 210,000 የሚጠጉ ቃላት፣ እያንዳንዱ ቃል የቃል ክፍሉ ምልክት ተደርጎበት ተዘጋጀ። ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው ሥራውንና ፈተናዎቹን እ.ኤ.አ. በ2006 በጽሑፍ አቅርበዋል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማየት ይበቃል። ሲሳይ ፍስሐ አዳፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 የአማርኛን የቃል ክፍል በኮምፒዩተር ለመለየት ባደረጉት ሙከራ የነበራቸው ምልክት የተደረገበት ጽሑፍ 1,000 ቃላት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተገኘው ትክክለኛነት 74 በመቶ ነበር። ጉድለቱ የዘዴው ብቻ አልነበረም፤ ዘዴው የሚማርበት ጽሑፍ አልነበረም።

የዋልታው ኮርፐስ ለሌሎች ሲደርስ ግን መጀመሪያ የታየው ስሕተቱ ነው። ብዮርን ጋምቤክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገለጹት ምልክቱን ያደረጉት ዘጠኝ ሰዎች ሲሆኑ፣ የጻፉትም በታተመ ወረቀት ላይ በብዕር ነበር፤ ከዚያ ወረቀቱ ለጸሐፊዎች ተሰጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። በዘጠኝ እጅ የተሠራ ምልክት አይመሳሰልም፤ በሌላ እጅ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይጨመርበታል። ብንያም ገብረኪዳን ገብሬም በ2010 በዚሁ ኮርፐስ ላይ ሲሠሩ ወጥነት የጎደላቸውን ምልክቶች አርመው ከ90 በመቶ በላይ ትክክለኛነት አስመዝግበዋል።

ይህን ታሪክ የኮርፐሱ ውርደት አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። አገሬው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ማእከሉ ኮርፐሱን ይዞ ቢቀመጥና በላዩ የተመሠረቱ ጽሑፎችን ብቻ ቢያሳትም ኖሮ፣ ዘጠኙ ብዕሮች የፈጠሩት መዛባት በአማርኛ ሰዋስው ላይ እንደ ተገኘ ውጤት ሊጠቀስ ይችል ነበር። ያንን ያዳነው መከፈቱ ነው።

ከግድፈቱ በላይ የሚመዝነው ደግሞ የሐሳቡ መፈተሽ ነው። ኮርፐሱ ከስም ጋር የተጣበቀውን መስተዋድድና መስተጻምር ከስሙ አይነጥልም፤ «ስም»፣ «ስም ከመስተዋድድ ጋር»፣ «ስም ከመስተጻምር ጋር»፣ «ስም ከሁለቱም ጋር» እያለ ለየአንዳንዱ የተለየ ምልክት ይሰጣል። በዚህ አሠራር «ለሠራተኛውም» አንድ ቃል፣ አንድ ምልክት ነው። ውሳኔው የጽሕፈቱን ባዶ ቦታ የቃል ወሰን አድርጎ የተቀበለ ነው። ቢንያም ኤፍሬም ስዩም፣ ዩሱኬ ሚያዎና ባየ ይማም እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት፣ 1,074 ዓረፍተ ነገሮች በአገባባቸው የተተነተኑበት ክፍት ስብስብ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል፤ «ለ» እና «ም» ከግንዱ ተነጥለው በአገባቡ ውስጥ የየራሳቸውን ቦታ ያገኛሉ። የአማርኛ ቃል ወሰኑ የት ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ በሁለት የሚታዩና የሚነጻጸሩ መዛግብት መካከል ተቀመጠ። ክርክሩን ለመቀላቀል የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ከፍቶ ራሱ ይቆጥራል፤ የማንንም ቃል ማመን አይጠበቅበትም።

4. የድምፅ መዛግብት በሁለቱ የመስመሩ ጫፎች

ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መረጃ ለመሰብሰብ ውድ፣ ለመጥፋት ቅርብ ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቁት፣ 100 ተናጋሪዎች ያነበቡት 20 ሰዓት የሚደርስ የአማርኛ ድምፅ ስብስብ በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ነው። ስብስቡ በኋላ ከስዋሂሊኛና ከወሎፍኛ መረጃዎች ጋር በክፍት መንገድ ስለ ቀረበ፣ ስቱዲዮ የሌለው ተመራማሪም ድምፅን ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ሙከራ ሊያደርግበት ቻለ። ይሁን እንጂ የተነበበ ንግግር ነው። በወደብ ላይ የሚሰማው የተቆረጠ፣ የተደራረበና ቋንቋ የሚያቀያይር ንግግር በውስጡ የለም።

በመስመሩ ሌላ ጫፍ አብዲላሂ ኒማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የጅቡቲን የቃል ቅርስ ለመጠቆም በታሰበ ሥራ 10 ሰዓት የሶማልኛ ድምፅና 3 ሚሊዮን ቃላት የጽሑፍ ኮርፐስ አዘጋጅተዋል። ከታሰበው የጅቡቲ የድምፅ ክምችት ግማሹ በሶማልኛ ነበር። የሥራው ዓላማ በቃል የተላለፈ ዕውቀት ከመጥፋቱ በፊት ተፈልጎ የሚገኝበትን መንገድ ማበጀት ነው። እዚህ ላይ የክፍትነት ትርጉም ይሰፋል፤ ማንም ሊፈልግበት የማይችል የድምፅ ክምር በሩ ባይዘጋም እንደ ተዘጋ ይቆጠራልና።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሲያኖሩ የሚጎድለው ይታያል። ሶማልኛም አፋርኛም ድንበር ተሻጋሪ ናቸው፤ አፋርኛ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ትግርኛ ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ መወሰኑ ተገልጿል። ይህ ውሳኔ በሥራ ሲተረጎም ለጉምሩክ፣ ለመጓጓዣና ለንግድ የአፋርኛና የሶማልኛ ቃላት ያስፈልጋሉ። ቃላቱ በኮሚቴ ከመፈጠራቸው በፊት በጅቡቲ መጋዘኖች በየቀኑ የሚነገሩት ቢታዩ ይበጃል። ያንን ለማየት በጅቡቲ የተሰበሰበው በአዲስ አበባና በሰመራ፣ በሰመራ የተሰበሰበው በጅቡቲ መነበብ አለበት። ኮንቴይነር የሚያልፈው ኬላ ለቃላት ዝርዝር ሊዘጋ አይገባውም።

5. ተቃውሞዎቹና ሚዛናቸው

በግልጽ ማጋራት ላይ የሚቀርቡት ተቃውሞዎች በአጭሩ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው የተናጋሪው ደኅንነት ነው። በኬላ ላይ የተቀረጸ ንግግር ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕዳና ስለ ፍቃድ ወረቀት የሚወራበት ነው። ስም ቢሰረዝ እንኳ ድምፅ ባለቤቱን ያሳውቃል። የዛር ሥርዓትም ለማንም ጆሮ ያልታሰበ ቃል አለው። እንዲህ ላለው መረጃ መልሱ ሁሉን መክፈትም ሁሉን መቆለፍም አይደለም። ቃላቱና ትንታኔው ለሁሉ፣ ድምፁ ለተፈቀደለት ተመራማሪ፣ ተናጋሪው የከለከለው ደግሞ ለማንም እንዳይሆን በደረጃ መክፈት ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ደረጃው ከቀረጻው በፊት በተናጋሪው ቋንቋ ተነግሮ ፈቃዱ መገኘቱ ነው።

ሁለተኛው የሰብሳቢው ስጋት ነው። ዓመታት በመስክ የደከመ ተመራማሪ መረጃውን ሲለቅ ጥሩ መሣሪያ ያለው ሌላ ሰው ቀድሞ ያሳትምበታል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን መደበቅ ሳይሆን የመረጃ ስብስብ ራሱን የቻለ የምርምር ሥራ ሆኖ እንዲጠቀስና ለዕድገት እንዲቆጠር ማድረግ ነው። የዋልታው ኮርፐስ አዘጋጆች ስም ዛሬም በአማርኛ ኮምፒዩተራዊ ጥናቶች የሚነሣው ሥራቸው በሌሎች እጅ ስለ ዋለ ነው።

ሦስተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም ይከብዳል። ነፃ የንግድ ቀጠና ዕቃ ያለ ቀረጥ ገብቶ፣ ተከፍሎና እንደገና ታሽጎ የሚወጣበት አጥር ነው። «ነፃ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ዕቃውን እንጂ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ከተማ አይደለም። የቋንቋ መረጃም በዚህ መንገድ ሊያልፍ ይችላል፤ ጥሬው ከዚህ ይወጣል፣ በሌላ ስፍራ ይቀነባበራል፣ ተመልሶ በክፍያ ይሸጣል። ይህ ስጋት ክፍትነትን የሚጠይቅ እንጂ የሚቃወም አይደለም። ቢዘጋ የሚጎዳው አስቀድሞ ቅጂ የያዘው የውጭ ተቋም ሳይሆን የኢንተርኔት መስመር የሚያጥረው የሰመራ ወይም የጅቡቲ ተማሪ ነውና። የሚያስፈልገው ክፍትነቱ እንደ ቀጠናው በአንድ በር ብቻ እንዳይሆን መጠበቅ ነው።

6. የመመሪያው ቃልና የፋይሉ መልክ

በመመሪያ ረገድ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ምርምሮች ጽሑፎች ብቻ ሳይሆኑ መረጃዎቻቸውም ለሕዝብ እንዲከፈቱ ያዝዛል። ዩኔስኮም በ2021 ስለ ክፍት ሳይንስ ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነው። ይሁን እንጂ መመሪያው የሚፈጸመው በፋይሉ ውስጥ ነው፤ አራት ነገሮች ደግሞ ለቋንቋ መረጃ ወሳኝ ናቸው።

አንደኛ፣ ጥሬው ከታረመው ጋር ይቀመጥ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ወይም «ሰ፣ ሠ» ለኮምፒዩተር ምቾት ወደ አንድ ፊደል ተለውጠው ጥሬው ከተጣለ፣ የጸሐፊዎችን ልማድ የሚያጠና ሰው መረጃው ሳይሆን የሌላ ሰው ውሳኔ ብቻ ይደርሰዋል። ሁለተኛ፣ ፊደሉ በዩኒኮድ ይሁን። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በየፕሮግራሙ የተለያየ አጻጻፍ የተቀመጡ ሰነዶች ዛሬ በቀጥታ አይከፈቱም፤ ማንም ሳይዘጋቸው ተዘግተዋል። ሦስተኛ፣ የመረጃው መግለጫ ይሟላ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪው ዕድሜና ያደገበት ስፍራ፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች። «ትራንዚተር» በጅቡቲ ከተማ በ1960ዎቹ ከተናገረ ጸሐፊ መገኘቱና በሞጆ ደረቅ ወደብ በቅርቡ ከተናገረ ወጣት መገኘቱ አንድ ማስረጃ አይደሉም። አራተኛ፣ መግለጫው በአካባቢው ቋንቋ ጭምር ይጻፍ። ስለ አፋርኛ የተሰበሰበ መረጃ መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ ስሕተቱን ለማየት ከሁሉ የተሻለው አራሚ፣ ተናጋሪው ራሱ፣ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመሩት ሥራዎች በዘመንም በዓላማም ይለያያሉ፤ የሚያገናኛቸው ፈተና ግን አንድ ነው። የጎንደሩ መዝገብ ለሚገባቸው አንባቢዎች ዘግይቶ ስለ ደረሰ ሊያርሙት የሚችሉት ሰዎች አልፈዋል። የዋልታው ኮርፐስ ገና ትኩስ ሳለ ስለ ተሰጠ አዘጋጆቹ በሕይወት ሳሉ ታረመ፤ ከእሱም የተለየ ሐሳብ ያለው ሌላ ሥራ ተከተለ። የአማርኛና የሶማልኛ የድምፅ ስብስቦች ደግሞ በመስመሩ ሁለት ጫፎች የተጀመረውና በመካከል ያልተገናኘው ሥራ ምን እንደሆነ ያመለክታሉ።

በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል ያለው መስመር ከመቶ ዓመት በላይ ቃላትን አመላልሷል። ባቡሩ ተለውጧል፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር በአሮጌው ላይ የተሠሩትን ሰዎች ሙያዊ አነጋገር አላወረሰም። አሮጌውን መስመር የሚያስታውሱ የጣቢያ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ትራንዚተሮች በዕድሜ እየገፉ ነው። ከመካከላቸው ቃሉን ለመስጠት የሚፈቅድ ካለ፣ የሚሰጠው ቃል የሚቀመጥበት መዝገብ በራሱ ቋንቋ የሚነበብ፣ ልጁ ከፍቶ «አባቴ እንዲህ አይልም» ሊልበት የሚችል መሆን አለበት።